የሁለት መቶ አስራ አራተኛው ጨርቅ መጥፋት

«ቁልፉ አንቺ ዘንድ ነው አይደለም?»

«እኔ ዘንድ አለ። እርስዎ ዘንድም አለ። እዚያ የቆመው ልጅ ዘንድም አለ።»

«እኔን ከሌባ ጋር አትደርድሪኝ!»

«ሌባው ማን እንደሆነ ታውቋል እንዴ፣ ዶክተር?»

ዶክተሩ አንድ መደርደሪያው ባዶ የቀረውን ቁም ሳጥን በመዳፉ መታው። መስታወት የተገጠመለት የብረት በሩ ግድግዳውን ገጭቶ ተመለሰ። ተማሪው አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። የጥበቃው ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ የሚያደርጉበት ቢያጡ መልሰው አጠለቁት።

ዶክተሩ ከቴክኒሽያኗ በሰባት ዓመት ያንሳል። ሥራ የጀመረ ሰሞን፣ ገና ዶክተር ሳይባል፣ «እርስዎ» ይላት ነበር። ማዕረጉን ባገኘ ማግስት «አንቺ» አላት። እሷም ዋጠችው። ብዙ ነገር ዋጥ አድርጋለች። ዛሬ ሰኞ ጠዋት ግን አልዋጥ አላት።

«አርብ አስር ሰዓት ላይ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ቆለፍኩ። ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።»

«ሎከሯ ይከፈት!» አለ ዶክተሩ፤ ለእሷ ሳይሆን ለጥበቃው።

«እኔው እከፍተዋለሁ» አለች።

በምርምር ተቋሙ ውስጥ ሁሉም ሰው «ፈታይዋ» ነው የሚላት። ሥራዋ መፍተል ነው፤ የምትፈትለው ግን ጥጥ አይደለም። ወፍራም ፈሳሽ በሲሪንጅ ትሞላለች። በመርፌው ላይ ሃያ ሺህ ቮልት ይለቀቃል። ከመርፌው አፍ የተንጠለጠለችው ጠብታ ትወጠር ትወጠርና ለዓይን በማይታይ ክር ትተረተራለች፤ ከሰው ጸጉር መቶ ጊዜ በሚቀጥን ክር። ፊት ለፊት የሚሽከረከረው ከበሮ ክሩን ይጠቀልለዋል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከከበሮው ላይ እንደ እንቁላል ስስ ሽፋን የምትላጥ ነጭ ጨርቅ ትገኛለች።

ነጩ ጨርቅ በሁለት የግራፋይት ሳህኖች መሀል ተጋድሞ ምድጃ ይገባል። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ምድጃው ውስጥ አየር ካለ ጨርቁ ይነድዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ናይትሮጅን ተለቅቆ አየሩ ይባረራል። ያኔ በስምንት መቶ ዲግሪ ሳይነድድ ይጠቁራል። ካርቦን ሆኖ ጠቁሮ የወጣው እንደ መሀረብ ይታጠፋል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል፤ ከልብስ ጋር የሚተጣጠፍ፣ አልቆ የሚሞላ ባትሪ ሆድ ዕቃው እሱ ነው።

የጠፋው ሁለት መቶ አስራ አራተኛው ነው። ሐሙስ ዕለት ከውጭ ለሚመጣ ገምጋሚ ኮሚቴ ሊታይ የነበረው፣ ዶክተሩ ስሙን ያስጠራበት ጨርቅ።

ሎከሩ ተከፈተ። አንድ ካፖርት፣ አንድ መቀስ፣ አንድ ጠርዙ የተበላ ደብተር። ከደብተሩ ስር በላስቲክ የታሰረ የጥቁር ቁራጭ ጥቅል።

ዶክተሩ ጥቅሉን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ይኸውላችሁ!» አለ። «ቆራርጣዋለች! ፖሊስ ይጠራ!»

*

መርማሪው አጭር፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዟል፤ ሲጽፍበት ግን አልታየም። ቁራጮቹን አንድ በአንድ እያነሳ አገላበጠ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ጠርዞች ናቸው። ከእያንዳንዱ ጨርቅ ሁለት ጣት ያህል ቆርጬ አስቀራለሁ።»

«ማን አዘዘዎት?»

«እርስዎ» አላት። አስተዋለችው።

«ማንም አላዘዘኝም። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ቁራጭ ያላስቀረ ልብስ ሰፊ ነገ ሲከሰስ ምላስ የለውም ይላል።»

«ተከሶ ያውቃል?»

«አንድ ሰውዬ ሱፌን ቀየርክብኝ ብሎ ገበያ መሀል አንገቱን አነቀው። ቁራጯን አውጥቶ ኮቱ ላይ ሲያደርጋት ነው ያፈረው፤ ሰውየው።»

መርማሪው የደብተሩን መጨረሻ ገጽ ገለጠ። በየመስመሩ ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፤ የጨርቁ ቁጥር፣ የዕለቱ እርጥበት፣ ሌላ ቁጥር።

«ሁለት መቶ አስራ አራት፤ አርባ አንድ፤ ሰባት መቶ አርባ። ሰባት መቶ አርባው ምንድን ነው?»

«ስንት ጊዜ ታጥፎ እንደተሰበረ ነው። እዚያ ማዶ ያለችው ትንሽ ማሽን እያጠፈች ትቆጥራለች። ጠርዙን እሷ ላይ እሰካለሁ።»

«ዶክተሩ ያውቃሉ?»

«የተሰበረ ዕለት ነው የነገርኩት።»

ወደ ኋላ ገለጠ። ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«መቶ ዘጠና ስምንት፤ ሠላሳ ስምንት፤ አስራ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ፤ አልተሰበረም። ይህስ? ተሳስተው ነው?»

«ማሽኗ ነች የቆጠረችው። አሰልችቷት ሳይሆን አይቀርም፣ ያቆምኳት እኔ ነኝ።»

«ከሌሎቹ በምን ተለየ?»

ስትናገር እጇ ተፈታ። «ክሩ ውስጥ ቲን አለ፤ ሬዲዮ ጠጋኞች ለብየዳ የሚያቀልጡት ለስላሳ ብረት። ባትሪው ሲሞላ ቲኑ እንደ ሊጥ ይነፋል። ቦታ ካጣ ክሩን ይሰነጥቀዋል። እኔ ምን አደረግኩ፣ ፈሳሹ ላይ እሳት ሲነካው በኖ የሚጠፋ ሌላ ፕላስቲክ ጨመርኩበት። ሲጠፋ ክሩ ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ይተዋል። ሸምበቆ ነፋስ ሲመታው ያጎነብሳል አይደል? ውስጡ ክፍት ስለሆነ ነው።»

«ነግረዋቸዋል?»

«ሁለት ጊዜ። ጨርቁን ያልታዘዘ ነው ብሎ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ‹አንቺ ፍተዪ፣ ማሰቡን ለኔ ተዪው› አለኝ። ጠርዟ ብቻ ናት የቀረችው።»

መርማሪው ደብተሩን ከደነው።

«ለጊዜው ወደ ቤትዎ ይሂዱ» አለ። «መታወቂያዎን ግን ዳይሬክተሩ ይፈልጉታል።»

ከአንገቷ አውጥታ ሰጠችው። አስራ አራት ዓመት ያንጠለጠለችው ገመድ አንገቷ ላይ የሌለ ያህል ቀሎ ነበር። አሁን ባዶው ከበዳት።

*

ወሬ እግር የለውም፣ ግን ከእሷ ቀድሞ ቤቷ ደረሰ።

ልጇ በዚያው ግቢ አንደኛ ዓመት ተማሪ ናት። ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«እማዬ፣ ዛሬ አጠገቤ ማንም አልተቀመጠም።»

«ለምን?»

«እነሱን ጠይቂያቸው። ‹እናትሽ ባትሪውን ለስንት ሸጠችው?› አለኝ አንዱ።»

አባትየው ከመስፊያ ማሽኑ ቀና አለ። እግሩ ፔዳሉ ላይ ቆመ።

«ሥራውን ልቀቂላቸው» አለ።

«ዛሬ ከለቀቅኩ ሌባ ሆኜ ነው የምለቀው። ይቺ ልጅ አራት ዓመት የሌባ ልጅ ሆና ነው የምትማረው።»

«እንግዲያው ምን ልታደርጊ ነው?»

«አላውቅም። ቁራጩ እጃቸው ላይ ነው።»

ባልየው ከማሽኑ ስር የወደቀች ቁራጭ አነሳ። «ቁራጭ መቼም አይዋሽም» አለ። «የሚያየው ሰው ነው የሚጠፋው።»

*

ረቡዕ ጠዋት መርማሪው አስጠራት። የቤተ ሙከራው ሕንፃ በር ላይ ሲደርሱ የጥበቃ ቤቱን መስኮት አንኳኳ። የሁለት ቀን የመግቢያ መዝገብ ጠየቀ፤ ቅዳሜና እሁድ።

ሽማግሌው ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ ገለጡ። ቅዳሜ አንድ ፊርማ ብቻ አለ። የተማሪው።

ተማሪውን ግቢው ውስጥ «ልጨርስ ነው» ይሉታል። መቼ ትመረቃለህ ሲባል ስድስት ዓመት ሙሉ የሰጠው መልስ ነው። ተጠርቶ መጣ። እሷን ሲያይ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?» አለ መርማሪው።

«ቤት። ታምሜ ነበር።»

«ፊርማህ የታመመ አይመስልም።»

ልጁ አንገቱ ቀላ። ሽማግሌው ሳይጠየቁ ጣልቃ ገቡ፤ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ገባ፣ ወዲያው ወጣ። ጥቅልል ነገር በብብቱ ይዞ ነበር። ረጅም።»

«አንተ!» አለች ፈታይዋ። «አንተ ነህ እንዴ ልጄ?»

«እትዬ፣ በእናቴ ይሁንብኝ አይደለም! ፖስተሬን ነው የወሰድኩት! ሌላ ቦታ ሥራ ለመቀጠር ለፈተና ጠርተውኝ፣ ሥራህን አሳየን ስላሉኝ… ዶክተር ከሰማ አያስመርቀኝም ብዬ ነው የዋሸሁት። ደውላችሁ ጠይቋቸው። ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ እነሱ ጋ ነበርኩ።»

መርማሪው እዚያው ቆሞ ደወለ። ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«እውነቱን ነው። ፖስተሩም እስከ አሁን ግድግዳቸው ላይ ነው።» ወደ ልጁ ዞረ። «ጥቅልሉን ስትወስድ ቁም ሳጥኑን አይተሃል?»

«በመስታወቱ አይቻለሁ። ጨርቁ ነበር።»

«ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም አልገባም?» አለ ወደ ሽማግሌው።

«መዝገቡ ላይ ማንም የለም።»

«መዝገቡን አልጠየቅኩዎትም፣ አባቴ።»

ሽማግሌው መዝገቡን ዘጉ። ኮፍያቸውን አወለቁ። «እንግዲህ… ዶክተር መጥተው ነበር። አምስት ሰዓት ገደማ። ሲመሽ ነው የወጡት።»

«ለምን አልፈረሙም?»

«ዶክተርን አስፈርሜ የት ልገባ ነው? እሳቸው ሲመጡ ተነስቼ በሩን እከፍታለሁ። የሚፈርመው እንደኛ ያለ ነው።»

ፈታይዋ አስራ አራት ዓመት ጠዋትና ማታ የፈረመችበትን መዝገብ አየች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። መዝገቡ ከእነ ክብደቱ የትንንሾች ስም ብቻ ነው የያዘው።

«መግባት ወንጀል አይደለም» አለ መርማሪው። «የራሳቸው ቤተ ሙከራ ነው። ጨርቁን ይዘው ሲወጡ አይተዋል?»

«ባዶ እጃቸውን ነው የወጡት። ቦርሳም አልያዙ።»

*

«ሥራዎን ያሳዩኝ» አላት መርማሪው ቤተ ሙከራው ውስጥ። «በቃል አይገባኝም። እኔ በእጅ ሲሠራ ነው የሚገባኝ። ሰው አፉን ያሰለጥናል፤ እጁ ግን ያሳጣዋል።»

ከመርፌው ጀመረች። ከበሮውን አሳየችው። የእርጥበት መለኪያውን፣ ሁልጊዜ ጠዋት የምትከፍተውን የአየር ማድረቂያም፤ እርጥበቱ ሃምሳን ካለፈ ክሩ ተጣብቆ ይበላሻል አለችው። ከዚያ ወደ ምድጃው ሄደች፤ የላይኛውን የግራፋይት ሳህን አነሳች።

እጇ አየር ላይ ቆመ።

«ምነው?»

ሳህኑን በሌላ እጇ ያዘችው። መልሳ በመጀመሪያው። አስራ አራት ዓመት ያነሳችው ነገር ነው፤ እናት የልጇን ክብደት እንደምታውቅ ታውቀዋለች።

«ቀልሏል» አለች።

ሚዛን ላይ አደረገችው። ሦስት መቶ ሰባ አንድ ግራም። መርማሪው ይዞት በመጣው ደብተሯ ጀርባ ላይ የአርቡ አራት መቶ አስራ ሁለት ነው። ጣቷን ፊቱ ላይ አሳለፈች። መስታወት የነበረው ገጽ ብል እንደበላው ሱፍ ሸካራ ሆኗል።

«ግራፋይትም ካርቦን ነው፤ እንዲሁ አይበላም» አለች፤ ለራሷ ይመስል። «የሚበላው ሲግል አየር ካገኘ ነው።»

ወደ ጋዙ ሲሊንደር ሄደች። ሁልጊዜ ስትወጣ የግፊቱን ቁጥር በጠመኔ ሆዱ ላይ ትጽፋለች። ዘጠና። መለኪያውን አየች። ዘጠና። ጠብታም አልተነካም። የምድጃውን የሰዓት መቁጠሪያ አየች። ደብተሩ ላይ አርብ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ስድስት ነበር። አሁን ሦስት ሺህ አንድ መቶ አስራ ሦስት።

«ሰባት ሰዓት ሠርቷል» አለች። «ያለ ጋዝ።»

«ያ ምን ማለት ነው?»

ሳህኑን ገለበጠችው። ከታች በኩል፣ ማንም ጎንበስ ብሎ በማያየው ፊት ላይ፣ እንደ ውርጭ የሳሳ ነጭ ነገር ተለጥፏል። አራት ማዕዘን። የቀኝ ማዕዘኑ በሰያፍ የተቆረጠ።

ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

«ማዕዘኑን የምቆርጠው እኔ ነኝ» አለች። «የትኛው ፊቱ ከበሮውን እንደነካ እንዳይጠፋኝ። ይህ ቲኑ ነው። ካርቦኑ ሲነድድ ይበናል፤ ቲን ግን አይነድድም፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከተጣለው በቀር ቲን ያለባቸው ሌሎቹ በሙሉ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ናቸው፤ ይቁጠሯቸው። አልተሰረቀም። አቃጥለውታል።»

መርማሪው ጎንበስ ብሎ ነጩን ጥላ ለረጅም ጊዜ አየው።

«የእሳት ልጅ አመድ» አለ። «ባዶ እጃቸውን መውጣታቸው ገባኝ። ግን ምድጃውን እርስዎም ያውቁታል። አርብ ራስዎ አቃጥለውት ቢሆንስ?»

«ልጁ ቅዳሜ ጠዋት አይቶታል!»

«ልጁ ይወድዎታል። ፍርድ ቤት ይህን ይጠይቃል።»

ንዴቷ ከእግሯ ተነስቶ አናቷ ላይ ወጣ። ብድግ አለች።

«እኔ ባቃጥለው ኖሮ ሳህኔን አወጣ ነበር!» ብላ ጮኸች። «ያለ ጋዝ ሳህን የሚያስገባ ማን ነው? እነዚህን በእጄ ያለሰለስኳቸው እኔ ነኝ! ጨርቁን ጠቅልሎ በሸክላ ኩባያ መወርወር ነው፣ አለቀ! በሁለት ሳህን መሀል አልብሶ የሚያቃጥል… ሥራውን በወረቀት ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው!»

የራሷን ቃል ስትሰማ ማን እንደሆነ ገባት።

መርማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

*

ሐሙስ ጠዋት፣ ኮሚቴው ሊደርስ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ሁሉም ቤተ ሙከራው ውስጥ ተሰበሰቡ። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን ደጋግመው ያያሉ። ዶክተሩ አዲስ ሱፍ ለብሷል።

«ሴትዮዋ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለ።

«እኔ ነኝ የጠራኋቸው» አለ መርማሪው። «ትንሽ ነገር ነው። ይህን ወረቀት ጨርቅ ነው እንበል። ማጥፋት ብፈልግ፣ ምድጃው ውስጥ አቃጥዬ ማጥፋት፣ እንዴት አድርጌ ነው የማስገባው? ልጄ፣ አንተ አሳየኝ።»

ተማሪው ግራ ገባው። ምድጃውን ከፈተ። ሁለቱን ሳህኖች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አጋደመ። ወረቀቱን ጨምድዶ በሸክላ ኩባያ ከተተና ገፋው።

«ሳህኖቹን ለምን አወጣህ?»

«ያለ ጋዝ? ይበላሻሉ እንጂ! እትዬ ትገድለኛለች።»

አንድ ሁለቱ ሳቁ። መርማሪው ሳህኖቹን ወደ ቦታቸው መለሰ።

«ዶክተር፣ እርስዎስ?»

«ይህ የልጅ ጨዋታ ነው።»

«እሺ፣ ማጥፋቱ ይቅር። አንድ ጨርቅ ምድጃ ሲገባ ብቻ ያሳዩኝ። የፈጠሩት እርስዎ አይደሉ?»

ዶክተሩ ዳይሬክተሩን አየ። ዳይሬክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱን ተቀበለ። የላይኛውን ሳህን አንስቶ፣ ወረቀቱን አንጥፎ፣ ከደነው። መዝጊያውን ገፋ። «በሁለት የግራፋይት ሳህኖች መሀል» አለ። «አንቀጽ አራት። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ቁልፉን መጫን ነው።»

እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳ።

«ጋዙስ?» አለች ፈታይዋ ዝግ ብላ።

ዶክተሩ ሲሊንደሩን አየ። ጠመኔውን አየ።

«እሱ… ጋዙን ቴክኒሽያኑ ነው የሚከፍተው» አለ።

«አዎን» አለ መርማሪው። «ቅዳሜ ግን ቴክኒሽያኗ አልነበሩም።»

ሳህኑን አወጣና ገልብጦ ለዳይሬክተሩ አሳየ። ነጩን ጥላ፣ የተቆረጠውን ማዕዘን። ሚዛኑን፣ ሰዓቱን፣ ዘጠናውን አንድ በአንድ ነገራቸው። የጥበቃው ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ቅዳሜን ደገሙት። ከዚያ መርማሪው ከኪሱ አንድ ደብዳቤ አወጣ።

«ይህን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፣ ዳይሬክተር። አርብ ከሰዓት የደረሰ ነው። ኮሚቴው የማጠፊያ ማሽን ራሱ ይዞ እንደሚመጣ ይገልጻል። ለዶክተሩም ግልባጭ ደርሷቸዋል። ሪፖርታቸው ላይ ጨርቁ ስንት ጊዜ ይታጠፋል ይላል?»

«አስር ሺህ» አሉ ዳይሬክተሩ።

መርማሪው ጠርዙ የተበላውን ደብተር ገልጦ ዘረጋላቸው። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ሰባት መቶ አርባ?»

«ልደርስበት ነበር!» አለ ዶክተሩ። ድምፁ ቀጠነ። «ሁለት ወር ቢሰጠኝ እደርስበት ነበር! ሁሉም ሰው ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ማን ነው ማሽን ተሸክሞ የሚመጣ ኮሚቴ ያየ?»

«ጨርቁን ማጥፋትዎ ይሁን» አለ መርማሪው። «ለምን እኚህን ሴት?»

ዶክተሩ ትከሻውን ሰበቀ። የተጠየቀው ነገር እንግዳ ሆኖበት ነበር።

«ቁራጭ እንደምታስቀምጥ አውቃለሁ። ቁልፍ አላት። ደግሞ… ማን ያምናታል?»

ፈታይዋ ሁለት እርምጃ ቀረበችው። ከሱፉ አዲስነት የተነሳ የክርኑ መታጠፊያ ገና ጠንካራ ነበር።

«ልጄ አጠገብ ማንም አልተቀመጠም» አለችው። «ሦስት ቀን። ጨርቁን ስታቃጥል ሳህኔን ባትነካ ኖሮ አራት ዓመት ሙሉ አይቀመጡም ነበር። ለመዋሸት እንኳ የኔን ዕቃ ነው ያበላሸኸው።»

«አንተ» ማለቷ ነው ዶክተሩን ቀና ያደረገው።

መርማሪው ክንዱን ያዘው። በኮሪደሩ ሲያልፉ የቢሮው ሰው ሁሉ በር በር ላይ ወጥቶ አየ፣ ተንሾካሾከ፣ ስልክ አወጣ።

*

ገና ሳይረጋጉ ግቢው ውስጥ የመኪና በር ተዘጋ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

«መጡ!» አሉ ዳይሬክተሩ። «ምን እናሳያቸዋለን? ልጨርስ ነው — ማለቴ አንተ — ቁም ሳጥኑን ክፈት! ሌላ የለም? አንድ የሚታጠፍ ነገር የለም?»

«ሁሉም ከአንድ ሺህ በታች ናቸው፣ ጌታዬ።»

«አንድ ብቻ! በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ!»

ፈታይዋ ጥቅሉን እንደያዘች ነበር፤ መርማሪው ሲወጣ እጇ ላይ አድርጎላት ነው የሄደው። ላስቲኩን በአውራ ጣቷ ነካች። ያልተሰበረው መቶ ዘጠና ስምንት ከመሀል ነው፤ ሳታይ ታገኘዋለች።

«ዳይሬክተር፣ እኔ ዘንድ…»

«ቆይ አንዴ!» አሉ፣ መዳፋቸውን ወደ እሷ ዘርግተው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ቆይ አንዴ አንቺ ደግሞ! አዲስ መፍተል ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስድስት? ቆዩ፣ መጀመሪያ ግቢውን እናስጎብኛቸው። ሴትዮዋ እስከዚያ ትፈትላለች። ንገራት፣ ቶሎ ትጀምር…»

«እሺ ጌታዬ» አለ ተማሪው፤ ግን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ጭንቅላቱን ከትቶ ነበር።

እሷ ጥቂት ቆመች። ይቅርታ የሚል ቃል ቢመጣ ብላ። ቃሉ ሰዓት የረፈደበት ይመስል አልመጣም።

የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ከቀለበቷ አውጥታ ምስማሩ ላይ ሰቀለችው። ካፖርቷን ለበሰች። መቀሷን በአንዱ ኪስ፣ ጥቅሉን በሌላው ከተተች። ደብተሩን ከጠረጴዛው አንስታ ብብቷ ስር ያዘችው። ማድረቂያው ጠዋት አልተከፈተም ነበር፤ አየችው፤ አልነካችውም።

በሩ ላይ ከኮሚቴው ሰዎች ጋር ተገጣጠመች። አምስት ናቸው፤ የመጨረሻው የማጠፊያ ማሽኑን በሁለት እጁ ታቅፏል። መዝጊያውን ይዛ አሳለፈቻቸው። ሰውየው ከማሽኑ ጋር እየታገለ ገባ።

ውስጥ ወንበር ይጎተታል። ዳይሬክተሩ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላሉ። የእርጥበት መለኪያው መርፌ ሃምሳ አምስትን አልፎ ወደ ስልሳ እየወጣ ነበር። መዝጊያው በራሱ ቀስ ብሎ ተዘጋ።